አርቪህ ብርዱን ተሻግራለች

ለምወድህ አባዬ፣

ከተለየኸን ዘጠኝ ወር ሞላ። ከሁሉም በፊት ግን የምሥራች አለኝ፤ ዛሬ ጠዋት ኢስትሙር ሰፈር ደጃችን ላይ የአርቪህን፣ የዚያች አልጋና ኩሽና ያላት፣ ቤት የምታህል መኪናህን፣ ቧንቧዎች በሙሉ ከፈትኳቸው። አንድም የሚያፈስ የለም!

ባለፈው ጥቅምት እማዬ ቆርጣ ነበር። ውኃው በረዶ ሆኖ ቧንቧውን ሳያፈነዳው እንሽጣት፣ ማን ያውቅበታል አለች። እኔ አውቅበታለሁ አልኳት። እውነቱን ልንገርህ፣ አላውቅም ነበር። አንተ በየዓመቱ ከሥሯ ተኝተህ ስትለፋ እኔ መስኮቱ ጋ ሆኜ ስልኬን ነበር የማየው።

እንግዲህ ዲግሪዬን ተማምኜ፣ ማኑዋሉን አንብቤ ገባሁበት። ታንከሩንና ቦይለሩን አፈሰስኩ፣ በረዶ የሚከላከለውን ሮዝ አንቲፍሪዝ ከፓምፑ ጋር አገናኘሁ፣ የኩሽናውን ቧንቧ ከፈትኩ። አንድ ጋሎን ሄደ፣ ሁለተኛውም ሄደ፤ ከቧንቧው የሚወጣው ግን አየር ብቻ። ጓደኛህ ጋሼ ታደሰ አጥሩን ተደግፎ፣ ኢንጂነሯ፣ ጠጥታ ጨረሰችው እኮ፣ ቁርስም ጨምሪላት እያለ ሳቀብኝ።

ቦይለሩ ያለበት የመኪናዋ አልጋ ሥር እንደገና ስገባ ነው የገባኝ። ቦይለሩ ጋ ያለው ቫልቭ ላይ፣ መጀመሪያ ስገባ አይቼ ሳላነበው ያለፍኩት ነጭ ፕላስተር ነበር። በእጅ ጽሑፍህ፦ «ቤቲ፣ ከሁሉ በፊት ይኼን ዝጊ፤ አለዚያ ቦይለሩ ይጠጣዋል።»

ስሜን ጽፈህበታል፣ አባዬ። ለካ ታመህ እያለህ ቫልቭ ለቫልቭ ስትዞር የነበረው ለእኔ ኖሯል! አማርኛ ማንበብ ምን ያደርግልኛል እያልኩ ያስለፋሁህ ቅዳሜዎች ሁሉ ትዝ አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ማኑዋሉን ዘጋሁት። አንተን እያነበብኩ ቀጠልኩ፤ ሮዙ ከኩሽናው መጣ፣ ከሻወሩም መጣ። የውጪዋ ሻወር ላይ ደግሞ «ይቺን እኔም ረስቻት አውቃለሁ» ብለሃል። ለእረፍት የምትወስደን ሐይቅ ዳር ፈንድታ ጋሼ ታደሰን ከነሸሚዙ ያጠበችው ቀን! ዛሬ ሳነሳበት እሱ ራሱ ነው ከሁላችንም በላይ የሳቀው።

ያቺ እንሽጣት ያለችው እማዬ ዛሬ ከቧንቧው እጇን ታጠበችና የመኪናዋን ብርድ ልብሶች አውጥታ ማናፈስ ጀመረች። ለሙት ዓመትህ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወደዚያው ሐይቅ እንሄዳለን፤ የምነዳው እኔ ነኝ። እስከዚያ ሥራም እይዛለሁ፣ ኢንተርቪው ጀምሬአለሁ። ቀጥሎ ደግሞ ወደ ምዕራብ፣ እስከ ውቅያኖሱ ድረስ ልነዳት አስቤአለሁ፤ ለእማዬ እንዳትነግራት።

ፕላስተሮችህን አልነቀልኳቸውም። ጽሑፉ እንዳይለቅ ላያቸውን በቴፕ ሸፍኛቸዋለሁ። በየጥቅምቱ አንድ በአንድ አነባቸዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደምታስነብበኝ፣ ጮክ ብዬ።

ልጅህ ቤቲ