ሰባት መቀነስ ሲገባው

አሰላ፣ ኅዳር 18 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለአሳምነው፣

ካለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። ሦስት ደብዳቤ ልኬ መልስ አጣሁ። የጦር ማሠልጠኛውን ለቃችሁ ወደ ሰሜን ሄዳችኋል የሚል ወሬ አለ። እናትህ አላመነችም፤ እኔም አመንኩ አላልኳትም።

ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔው ብትሰማው ይሻላል። መሥሪያ ቤታችን የክሊኒኩን የልደት ካርዶች ከፈረንጅ ቀን ወደ እኛ ሲመልስ አንዱ ጸሐፊ ሰባት ዓመት ይቀንሳል፣ ሌላው ስምንት። መዝገቡ ተዘበራረቀ። ባልደረባዬ ፍሰሐ «ሁሉም ስምንት ይቀንስ» የሚል ማስተካከያ አረቀቀና እንድመረምረው ሰጠኝ። ሦስት ካርድ አውጥቼ ሞከርኩት፤ የመጋቢት፣ የሚያዝያና የሰኔ ልጆች ነበሩ። ልክ መጣልኝ። «ተመርምሯል» ብዬ ፈረምኩ። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ድረስ የሚቀነሰው ሰባት መሆኑን የማላውቅ ሰው አይደለሁም እኮ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፣ ቸኮልኩ። ምናለ አንድ የኅዳር ካርድ ባወጣ፣ ምናለ ያንተን ባወጣ ኖሮ።

አንተ የተወለድከው ኅዳር 11 ቀን 1959 ነው። መዝገቡ 1958 አደረገህ። አምና ግንቦት ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለምሉ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጄን አሥራ ስምንት ሞልቶታል ብለው ወሰዱት። እናትህ እስከ ዛሬ ፍሰሐን ትረግማለች። የመረመረው ማን እንደሆነ አልነገርኳትም። ፈሪ በለኝ፣ ነኝ።

ክረምቱን ሙሉ ማስተካከያውን ሳስተካክል ከረምኩ። በዚህ ጊዜ ከየወሩ ሁለት ሁለት ካርድ ሞክሬበታለሁ። ከዚያ አቤቱታዬን ይዤ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተትኩ፤ ዛሬ ሂድ ነገ ና ሲሉኝ ጥቅምት አለቀ። ትናንት የአውራጃው ሹም አስጠራኝና ወረቀቱን አገላብጦ አነበበው።

«ልክ ነህ ጓድ ሣህሌ። ልጁ ያኔ አሥራ ሰባት ነበር» አለኝ።

ላመሰግነው ብድግ አልኩ። እሱ ግን አልጨረሰም ነበር።

«ባለፈው ሳምንት በአንተው ሒሳብ አሥራ ስምንት ሞልቶታል። እንግዲህ በምን አስመልሰዋለሁ?» አለና ማስተካከያውን ተቀብሎ ማኅተሙን መታበት። ክፉ ሰው አይደለም፤ እስከ በሩ ድረስ ሸኘኝ።

ቤት ገብቼ እናትህን መዝገቡ ተስተካከለ አልኳት። እልል አለች። ልብስህን ከሣጥን አውጥታ ስታጥብ ዋለች፤ ዛሬም ግቢው ውስጥ እንደተሰጣ ነው። ላስቆማት አቅም አጣሁ።

እመቤታችን በሄድክበት ሁሉ ትቅደምልህ። በሕይወት ታቆይልኝ። ማረኝ፣ ልጄ።

አባትህ
ሣህሌ