ከጎረቤቴ ልምድ እንድቀስም ለመከረኝ ጽሕፈት ቤት

«ድርጅትዎ ያቀረበው የተለየ የኤሌክትሪክ መስመር ጥያቄ ለጊዜው ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን እየገለጽን፣ በአምራችነቱ ተሸላሚ ከሆነው የጎረቤትዎ ድርጅት ልምድ እንዲቀስሙ እናሳስባለን።»

ለክቡር የአምራች ድርጅቶች ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የሞቀ፣ የቢሮዎም መብራት እንደ ወትሮው የማይቋረጥ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ከላይ ቃል በቃል የገለበጥኩትን ምክርዎን በተግባር ማዋሌን በአክብሮት አሳውቃለሁ። ከጎረቤቴ ልምድ ቀስሜ ተመልሻለሁ። በአደባባይ የምጽፍልዎም እንዲህ ያለውን ልምድ ለብቻዬ ይዤ ብቀር ንፉግ እባላለሁ ብዬ ነው።

እኔ የቲማቲም ድልህ አመርታለሁ። ገበሬ በሳጥን ያመጣውን ቲማቲም አጥቤ፣ ፈጭቼ፣ በትልቅ የብረት ድስት አፍልቼ አወፍርና በቆርቆሮ አሽጋለሁ። ጎረቤቴ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ድልህ በበርሜል ይገዛል፤ ከበርሜል ወደ ቆርቆሮ ይገለብጥና በቆርቆሮው ላይ የሚስቅ ገበሬ ሥዕል ይለጥፋል። ሁለታችንም በአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በአንድ ክፍል ተቀምጠን የምግብ ምህንድስና ተምረናል። ትምህርቱ ከእኔ ቀድሞ ለእሱ እንደገባው አሁን ተረድቻለሁ።

አንደኛ፣ መብራትን በተመለከተ። እኔ ግቢ መብራት ሲጠፋ ማማሰያው ይቆማል፤ ማማሰያው ሲቆም ድልሁ ከታች ያርራል፤ ሠራተኞቼም ድስቱ እስኪበርድ ጠብቀው፣ በየተራ ውስጡ እየገቡ ሲፍቁ ይውላሉ። እኔንና ጎረቤቴን የሚለየን አንድ የብሎኬት አጥር ነው፤ የእሱ ግቢ ግን መብራት አይጠፋም። የተለየ መስመር የተዘረጋለት ተሸላሚ ስለሆነ መሆኑን ባልደረቦችዎ ነግረውኛል። የተሸለመው ደግሞ ሥራው ስለማይቋረጥ መሆኑን እርስዎ በሽልማቱ ዕለት ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህን የመሰለ የተስተካከለ ክብ እኔ በኮምፓስም ስዬ አላውቅም፤ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ የጎረቤቴ በርሜል ከነቆርቆሮው «ጥሬ ዕቃ» ተብሎ በአነስተኛ ቀረጥ ይገባል፤ የእኔ ባዶ ቆርቆሮ «ያለቀ ዕቃ» ተብሎ ሙሉ ቀረጥ ይከፈልበታል። ይህን ሳይንስ ስላላስተማሩኝ መምህሮቼን ታዝቤያቸዋለሁ።

ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ የቤተሰብ ጉዳይ ነውና። እርስዎ እንግዶች አስከትለው ጎረቤቴን በጎበኙበት ዕለት ጠዋት፣ እዚያ ግቢ ውስጥ አንዲት ቲማቲም ስላልነበረች ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ብቅ ብሎ «ወንድሜ፣ ለዛሬ ብቻ ጥቂት ሳጥን አበድረኝ» አለኝ። ይሉኝታ ያዘኝና ሰጠሁት። ቲማቲሙን ያመጣልኝ የእህቴ ባል ነበርና ሳጥኖቹን ተሸክሞ የሄደውም እሱው ነው። ጎረቤቴም ነጭ ጋዋን አልብሶ፣ በገዛ ቲማቲሙ አጠገብ አቁሞ ከእርስዎ ጋር አስተዋወቀው። ስትጨባበጡ የተነሣችሁት ፎቶ ሥር «የገበያ ትስስር የተፈጠረለት አርሶ አደር» ተብሎ ተጽፏል። የእህቴ ባል ከዚያ ሲመለስ ስለ ፎቶውም ስለ እርስዎም አላወራም። «የሰውዬው ማሽን እኮ አይቆምም፤ መታደል ነው» አለና፣ የቆመውን የእኔን ማሽን በዓይኑ ገርምሞ መልሶ ያመጣቸውን ሳጥኖች ማራገፍ ጀመረ። ከጽሕፈት ቤትዎ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ይህቺን ያህል ያመመኝ የለም።

ባለቤቴ እስከዚህ ድረስ ያለውን አንብባ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ አቤቱታ አይደለም፤ ቅናት ነው» ብላኛለች። አልክድም፣ እቀናለሁ። የእኔ ማሽን ዝም ሲል የእሱ ሲያጉረመርም እንዳልሰማ መስኮቴን እዘጋለሁ። የአረረ ድልህ ሽታ ልብሱ ላይ አድሮ ስለማያውቅ እቀናበታለሁ። ከሁሉ በላይ ግን በሩ ላይ ሳጥን ደርድሮ፣ ቲማቲሙ በፀሐይ ሲለሰልስ እያየ የሚጠብቀው ገበሬ ስለሌለበት እቀናለሁ። ቅናቴ እውነት ነው፤ ድስቱ ማረሩም እውነት ነው።

አምና ከመጣልኝ ቲማቲም የሚበዛው እንዲሁ ግቢዬ ውስጥ በስብሷል። የዘንድሮው ሊቀላ ነው። የእህቴ ባል «አሁንም ሳጥን ላይ ከበሰበሰ፣ መሬቱን አከራይቼ ለጎረቤትህ ዘበኛ ሆኜ እቀጠራለሁ» ብሎኛል፤ ሰውዬው ቀልድ አያውቅም። ከእሱ ጋር ተማክረው የዘሩት የመንደሩ ገበሬዎችም የሚያደርገውን እያዩ ነው።

ስለዚህ መስመሩ የሚዘረጋልኝ ወይም የማይዘረጋልኝ መሆኑን፣ ምክንያቱ ተጠቅሶ፣ በእርስዎ ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት፣ ለቀማው ከሚጀመርበት ከመጋቢት 10 ቀን ሳያልፍ በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ እጠይቃለሁ። «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የሚለውን እንደ መልስ የማልቀበል መሆኔን ከወዲሁ በትሕትና እገልጻለሁ።

በምክርዎ ጥላ ሥር፣ አብዛኛውን ጊዜ በጨለማ ተቀምጦ፣ ለደረጃዎ የሚገባውን ክብር ሁሉ ሳያጓድል የሚያቀርበው፣
ከአጥሩ ወዲህ ያለው አምራች

ማሳሰቢያ፦ ጎረቤቴ አዳራሼን ለሁለተኛ ማሸጊያው ሊከራየኝ ጠይቆኛል። መብራቱን እንዴት ልታደርገው ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «እሱን ለእኔ ተወው፤ በእኔ ስም ይሁን እንጂ በሳምንቱ መስመር ይስቡልኛል» አለኝ። ለመጋቢት 11 ቀጥሬዋለሁ።