«አንብቤላቸዋለሁ»

ጋፋት፣ ደብረ ታቦር
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሲስተር ፍሬሕይወት ደምሴ
ሐዋሳ

ማንበብ አይችልም ብለሽ የአባትሽን አውራ ጣት ቀለም አስነክረሻል። በደሉ ይህ ነው። ሰላምታዬን ከዚህ ቀጥሎ ተቀበይ። እንደምን አለሽ? ልጆቹስ? የቀዶ ሕክምናው ቁስሌ ገጥሟል፤ እስከ ገብሱ ማሳ ድረስ ያለ ምርኩዝ እሄዳለሁ።

ስልክ ያልደወልሁት ድምፅሽን ስሰማ ቃሌ ስለሚላላ ነው። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የወንድሜ ልጅ ዓለምነው ነው፤ እሱ ፊት አታንብቢው።

ባለፈው ወር ቁስሌን ላሳይ የተቀደድሁበት ሆስፒታል ነርሷ ሀናን ዘንድ ሄድሁ። ባሕር ዳር ሄደው መርፌ ይጀምራሉ አለችኝ።

«ለትርፍ አንጀት ደግሞ ምን መርፌ አለው? ቆርጣችሁ ጥላችሁት የለም?» አልኋት።

«የምን ትርፍ አንጀት?»

«የእኔ ነዋ። ልጄ ነግራኛለች።»

 ፋይሌን ገለጠች። «አባቴ፣ ተነቦልዎት ተስማምተዋል ይላል። ጣትዎም ይኸው። ማንበብ ስለማይችሉ...»

«አምጪው።»

መነጽሬን አደረግሁና ከላይ እስከ ታች ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላት፤ የአንጀት ካንሰር የሚለውን ሳልዘል። ከግርጌው በአንቺ እጅ «አንብቤላቸዋለሁ፤ ተረድተው ተስማምተዋል» ይላል። ስምሽ አለ፣ ፊርማሽም አለ።

«ይህን የሐኪም ጽሕፈት እኔ እንኳ በመከራ ነው የማነበው» አለች ሀናን። ከዚያ የጠየቅኋትን ሁሉ መለሰችልኝ፦ ምን ያህል እንደ ተቆረጠ፣ ምን እንደሚያሰጋ፣ ሐኪሞቹም የማያውቁት ምን እንደ ሆነ። ልታስፈራራኝም ልታባብለኝም አልሞከረች።

ከሐዋሳ መጥተሽ ለቀዶ ሕክምናው ያስገባሽኝ ቀን አሁን ነው የገባኝ። መነጽሬን «ልጥረግልዎት» ብለሽ ወሰድሽ። «መዝገብ ነው አባዬ፤ እጅዎ ላይ ግሉኮስ ስላለ ብዕር አያስይዝዎትም፣ ጣትዎ ይበቃል» አልሽ። እኔም አመንሁሽ፤ ነጭ ጋውን ለብሰሽ ነበር።

ፊደል የለየሁት በሠላሳ ዓመቴ እንደ ሆነ ታውቂያለሽ። አንበሳሜ ገበያ በወጣሁ ቁጥር በነጋዴው በነስሩ ሱቅ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ጋዜጣ ቆሜ ፊደል በፊደል እቆጥር ነበር። «ደምሴ፣ ግድግዳዬን ጨረስኸው፤ ጣሪያውንም ልለጥፍልህ?» እያለ ገበያተኛውን ያስቅብኝ ነበር። አንቺን ሀ ሁ ያስቆጠርሁሽ በዚያ ፊደል ነው። ያን ሁሉ በአንድ ጣት ሰረዝሽው።

ይህ ሳይበቃሽ «የቤተሰብ ፈቃድ ሳትጠይቅ ለታማሚ ተናገረች» ብለሽ ሀናንን ከሰሻት። ኅዳር 22 ቀን የሆስፒታሉ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች፤ ከሥራም ልትሰናበት ትችላለች። ሕመሙ የማን ነው? ስትመረቂ የማልሽበትን ወረቀት ገልብጬ ከአልጋዬ ራስጌ ሰቅየዋለሁ። ሰሞኑን ደጋግሜ አየሁት። የታማሚን ምሥጢር ይላል እንጂ ከታማሚው ስለ መደበቅ አንድ ቃል የለበትም።

ክሱን አንሺ። ማንሣት ብቻም አይበቃም፤ «አላነበብሁላቸውም» ብለሽ ጽፈሽ ፈርሚ። ሹመትሽን ሊያስቀርብሽ እንደሚችል አውቃለሁ። ሃያ ነርሶች ልታዢ እንደ ሆነ ዓለምነው ነግሮኛል። ከሃያዎቹ አንዷ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዛ ብትመጣ ምን ትያታለሽ? ካልጻፍሽ በቀጠሮው ቀን ፋይሉን ኮሚቴው ፊት የማነበው እኔ ነኝ። ስምሽ ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አላደርግም።

የእናትሽን ነገር እንደምታነሺብኝ አውቃለሁ። አንሺው። ወንዛዬ ፍል ውኃ ያሽርሻል ብዬ አበበችን ስወስዳት እንደማትድን ሐኪሙ የነገረኝን ደብቄ ነበር። አንቺ ዐሥራ ስድስት ዓመትሽ ነበር፤ እንዳትነግሪያት በመስቀል አስምዬሻለሁ። እሷ ለከርሞ የጎመን ዘር ትቋጥር ነበር። አንድ ያልሰማሽው ነገር አለ። በመጨረሻው ሳምንት አንቺ ውኃ ልትቀጂ ወጥተሽ ሳለ «ብትነግረኝ ኖሮ እኅቴን አስጠርቼ እሰናበታት ነበር» አለችኝ።  

የመርፌውን ቅጽ ሰጥተውኛል። ሦስት ቀን አነበብሁት፤ ያልገባኝን ሀናንን ጠየቅሁ። ትናንት በብዕር ፈረምሁ፤ ሰኞ እጀምራለሁ። አንቺ ስለ ፈለግሽ እንዳይመስልሽ። «የቅርብ ተጠሪ» የሚል ቦታ አለው። እዚያ ላይ ብዙ ቆየሁ። ያንቺን ስም ጻፍሁ።

እጅሽ የነካው ታማሚ ይዳንልሽ። ልጆችሽ እውነቱን የሚነግሩሽ ይሁኑ። መድኃኔ ዓለም ከክፉ ይሰውርሽ።

ከኅዳር 22 በኋላ ይህን ነገር በአፌም በብዕሬም አላነሣውም። መጥተሽ እግሬ ሥር ብትወድቂም አላነሣውም፤ አንቺም እንዳታነሺብኝ።

በገዛ እጄ ጽፌ ፈርሜያለሁ፤
አባትሽ ደምሴ ጌጡ