በተፈራ ከንፈር ላይ የወጣው ምች

ሰኞ

ትኩሳቱ ተመለሰ። ባለቤቴ ተፈራ በመተንፈሻ ማሽን ከተኛ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ባለፈው ሳምንት ኒሞኒያው ለቀቅ እያደረገው ነው ብለውኝ ነበር፤ ዛሬ ኦክስጅኑን እንደገና ከፍ አደረጉት። አንቲባዮቲኩንም ቀየሩለት። እህቱ ሦስት ጊዜ ደወለች፤ አላነሳሁም። ምን እላታለሁ?

ማክሰኞ

የባክቴሪያ ምርመራው ምንም አላሳየም። ታዲያ የሚያተኩሰው ምንድን ነው?

የዛሬዋ ነርስ ሄለን ናት። እዚሁ ኦክላንድ የተወለደች የእኛው ልጅ። "አንቺ ቁርስ በላሽ?" ትለኝና "ሶሪ፣ እርስዎ" ብላ ታርማለች። አፉን ስታጸዳለት ቆየች። ቱቦው የታሰረበትን ፕላስተር ቀስ ብላ አንስታ በባትሪ አየች። ከንፈሩ ጥግ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች። እኔ ፕላስተሩ የላጠው መስሎኝ ነበር።

"ይሄ በፊት ነበረው?" አለችኝ።

"ምች ነው። ጉንፋን በያዘው ቁጥር ይወጣበታል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ።"

ቃሉን አታውቀውም። ሳስረዳት ወዲያው ጻፈችው።

ረቡዕ

ሐኪሞቹ በጠዋት ሲዞሩ ሄለን ነገረቻቸው። ዋናዋ ሐኪም፣ እንዲህ የታመመ ሰው ከንፈሩ ላይ ምች ቢወጣበት ቫይረሱ ሳንባው ውስጥም አለ ማለት አይደለም አለቻት። ሄለን ድምጿን ሳታነሳ፣ "አውቃለሁ። ግን ትኩሳቱ ተመልሷል፣ ባክቴሪያም አልተገኘም። ሳንባውን ብናይስ?" አለች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። እኔ ብሆን ዝም እል ነበር።

ከሰዓት በቀጭን ካሜራ ሳንባው ውስጥ ገብተው ፈሳሽ ወሰዱ።

ሐሙስ

ምቹን የሚያወጣው ቫይረስ ሳንባው ውስጥ ተገኘ፣ ያውም በብዛት። ሐኪሟ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ዕድሜውን ሙሉ ነርቩ ውስጥ ተኝቶ የኖረ ነው፣ ሰውነቱ ሲደክም ነቃ አለችኝ።

"የሚጎዳው እሱ ነው?"

"እርግጠኛ አይደለሁም። የመድከሙ ምልክት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እኛም ገና የምንከራከርበት ነገር ነው። ግን በዚህ መጠን ሲገኝ ባክመው ይሻለኛል። መድኃኒቱ ኩላሊት ስለሚነካ በየቀኑ እናያለን።"

የማታውቀውን አላውቅም አለች። ከሰማሁት ሁሉ ይሄን አመንኩት። ስትወጣ ሄለንን ጠርታ "ልክ ነበርሽ" አለቻት፣ እኔ እየሰማሁ። ሁለቱንም ወደድኳቸው።

ቅዳሜ

ትኩሳት የለም። ኩላሊቱ ግን ትንሽ ተነክቷል፤ ፈሳሽ ጨመሩለት፣ የመድኃኒቱን መጠን ቀነሱ። አንዱ ሲሻል ሌላው።

ለእህቱ ደወልኩ። እውነቱን ነገርኳት። አለቀሰች፣ ከዚያ "እሺ" አለች።

ማክሰኞ

ሁለት ቀን አልጻፍኩም፣ ፈርቼ። ኩላሊቱ ተመልሷል። ዛሬ ጠዋት ቱቦውን አወጡት።

ሳለ፣ ሳለ። ከዚያ በሻከረ ድምፅ "ምን ቀን ነው?" አለኝ።

"ማክሰኞ።"

"አውቶቡሴን ማን እየነዳ ነው?"

አሥራ ስምንት ዓመት የነዳውን መስመር ሌላ ሰው እንደያዘለት ነገርኩት። ደስ አላለውም።

ሐኪሟን መድኃኒቱ ነው ወይ ያዳነው አልኳት። "ሊሆን ይችላል" አለች። አሁንም አልዋሸችኝም። ሁለት ቀን ያለ ቱቦ ከቆየ ያኔ እንደሰት አለች።

ሄለን ዛሬ እረፍት ናት። ስታገላብጠው፣ ስታጥበው፣ ስታናግረው ቆይታ ድምፁን አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም። ነገ ትገባለች። እስከዚያ ብቻ ይተንፍስልኝ።