በአሥራ ስምንት እርምጃ ስለተዘረጉት አሥራ ሰባት ፊደላት

ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደ ፊርማዎ ያማረ፣ ዕድሜዎም እንደ ኮሪደርዎ የረዘመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ባለቤቴ በኮምፒውተር አዘጋጅታ በማሽን የቆረጠችውን የፕላስቲክ ፊደል እየላጥኩ ግድግዳና መስታወት ላይ የምለጥፍ ሰው ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የምለጥፈውን ማንበብ ሳልችል ለጥፌአለሁ፤ የገለበጥኩትም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም መስታወት ላይ ስለነበር ከውስጥ ላሉት ቀጥ ብሎ ይነበብ ነበር። ዘንድሮ ግን ከእርስዎው የማታ ትምህርት ሦስት ደብተር ጨርሼ ወጥቻለሁ። አስተማሪዬ እንደ እኔ ያለ ተማሪ አይታ እንደማታውቅ ነግራኛለች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እስከ ነገ ዓርብ ሃያ ሰው ካልተመዘገበ የማታው ክፍል እንደሚዘጋ በፊርማዎ አስታውቀዋል። ያንን ማስታወቂያ ፊደሉን አጠጋግተው ስላስጻፉት አንድም ቃል አላመለጠኝም። እስከ ዛሬ የተመዘገበው አሥራ አንድ ሰው ነው። ምክንያቱን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፤ «የማታ ትምህርት ምዝገባ እዚህ ነው» የሚለውን ሊያሠሩ በመጡ ዕለት ባለቤቴ ፊደላቱን አንድ በአንድ ለይታ፣ ሰፊውን ከጠባቡ በዓይኗ እየለካች አቀራርባቸው ነበር፤ ለሁሉም እኩል ክፍተት ሲሰጣቸው ግማሾቹ የተጋፉ፣ ግማሾቹ የተኳረፉ ይመስላሉና። እርስዎ ግን ከወንበሯ ጀርባ ቆመው «ጨምሪ፣ አሁንም ጨምሪ» እያሉ የክፍተቱን ልክ እስከ መጨረሻው አስገፏት። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሚነበብ ነው» ብትልዎ፣ «ግድግዳው ይሙላልኝ» አሏት። ስለተሰጠን ሙያዊ ምክር እናመሰግናለን። ምስጢሩ የገባኝ ስለጥፍ ነው፤ ከበላይ አካል ጎብኚዎች ይመጣሉና እያንዳንዱ ፊደል በእርጥበት እድፍ ላይ እንዲያርፍ አዘዙኝ። አሥራ ሰባት ፊደል፣ አሥራ ሰባት እድፍ። ቀለም ቀቢ ቢጠሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ጥበብ ከንቱ በቀረ ነበር።

ሁለተኛ፤ ባለቤቴ ቢያንስ ቃል ከቃል እንዲለይ በየመሐሉ ሁለት ነጥብ እናድርግ ስትል፣ «ነጥቡ እድፍ ይመስላል» ብለው ከለከሉ። ስለ እድፍ ያለዎትን ጥልቅ ዕውቀት ማን ይስተካከለዋል?

ሦስተኛ፤ እኛ አዲስ አንባቢዎች ፊደልን በጣታችን እየተከተልን ነው የምናነበው፤ በአሥራ ስምንት እርምጃ ኮሪደር ላይ በእግራችን እንድናነብ ያደረጉን እርስዎ ነዎት። «ታ» ጋ ስንደርስ «የ» ከኋላችን ቀርታ ተረስታለች። «እዚህ ነው» የሚለው ደግሞ ከመመዝገቢያው ክፍል አልፎ መጥረጊያና መወልወያ ከሚቀመጥበት ክፍል በር ላይ አርፏል። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ግንበኛ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዞ እዚያ በር ላይ ግማሽ ቀን ቆሟል። «እዚህ ነው» የሚለው የቱ ጋ እንደተለጠፈ ፊደል ከሚያውቅ ሰው ጠይቆ ነበር የመጣው። የጽዳት ሠራተኛዋ «ወንድሜ፣ እዚህ የሚመዘገበው መጥረጊያ ብቻ ነው» ስትለው አንገቱን ደፍቶ ሄደ። በአርባ ዓመቱ ስንት ቀን አስቦበት እንደመጣ እኔ አውቃለሁ፤ እኔም አራት ጊዜ ከበሩ ተመልሻለሁ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለፊደልም ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ፊደላቱን በነፃ አቀራርበን እንድንለጥፍ፣ ለእድፉም አንድ ቆርቆሮ ቀለም እንዲፈቅዱ እለምናለሁ። ይህን ለመወሰን ስብሰባ ካስፈለገ ወንበር ተሸክሜ አመጣለሁ።

ፊደላትዎ እርስ በርስ ከተራራቁት ይልቅ ለእርስዎ ቅርብ የሆንኩ፣ በሦስት ደብተር ዕውቀቴ እጅ የምነሣ፣

ለጣፊው

ከፊርማዬ በኋላ የታከለ፤ ዓርብ ጠዋት መልስዎን ብንጠብቅ ስላልመጣ ባለቤቴ ሌላ ቆርጣ፣ አጠጋግታ፣ ሁለት ነጥቧንም ጨምራ ሰጥታኝ፣ እኔ በመመዝገቢያው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። እድፍዎን አልነካንም። ግንበኛውን ከሥራ ቦታው ድረስ ሄጄ አምጥቼዋለሁ። እስከ ቀትር አሥራ ዘጠኝ ሞላን። ሃያኛው ሆነው የተመዘገቡት ለስድስት ዓመት የእርስዎን ደብዳቤ በየቢሮው ሲያደርሱ የኖሩት ተላላኪዎ ናቸው፤ እሳቸውም ምን ሲሸከሙ እንደኖሩ ማወቅ ይፈልጋሉ።