ለሴቶቹ ክፍል የተመደበው ሆርን

ይድረስ ለወንድሜ ለኡሳማ፤ ኮምቦልቻ

ከሰላምታው በፊት አንድ ከባድ ወንጀል አለብኝ። ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ አእምሮዬ አምናለሁ። እማዬ ለእንግዳ ብላ ቁም ሣጥን አናት ላይ የደበቀችውን ሐላዋ የበላሁት እኔ ነኝ። ባዶውን ካርቶን እንደነበረ አሽጌ መልሼዋለሁ፤ እንግዳ እስኪመጣ ድረስ ሰላም ነን። ሰላም ካልኩ አይቀር፣ አሰላሙ ዐለይኩም፤ አንተስ እንዴት ነህ? ጉልበትህ ተሻለው? ነጃት እንዴት ናት፣ ያ ሳል ለቀቃት? ልጃችሁስ ጥርስ አወጣ ወይስ አሁንም በድዱ ነው የሚያስተዳድራችሁ? እኛም እዚህ ቴክሳስ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን ያልኩት እማዬ «ደህና ነን በዪው» ስላለችኝ ነው። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ሰው ከድቶኛል፤ ያውም የቤት ሰው።

አጎታችንን ዐብዱሰመድን ታውቃቸዋለህ። አዘቦት ቀን ታክሲ ይነዳሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ለሠርግ ስፒከርና ድስት ያከራያሉ። ሁለቱም በአንድ ቫን ስለሚጫኑ ስፒከሩ ሩዝ ሩዝ፣ ሩዙ ገመድ ገመድ ይሸታል። ችግራቸው፣ መንዙማው ፊት ያሉትን ሽማግሌዎች እያደነቆረ ኋላ ላሉት አይሰማም ነበር። ሽማግሌዎቹ ድሮም ስለማይሰሙ ልዩነቱ አልታወቃቸውም። እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ስለ ሆርን፣ ስፒከር ላይ ስለሚገጠመው የጡሩንባ አፍ፣ ሳነብ ስለከረምኩ፣ «እኔ ልሥራልዎት» አልኳቸው። «ሥሪ! ካንቺ በላይ ማን አለ!» አሉኝ።

አንተ ሬዲዮ ስለምትጠግን ይገባሃል። ድራይቨር የሚባለው ጡጫ የሚያህል ነገር ድምፁን በጠባብ ጉሮሮ ጨምቆ ነው የሚያወጣው። ሆርኑ ከጉሮሮው እስከ አፉ ቀስ እያለ እየሰፋ ያንን የታመቀ ድምፅ ለአየሩ ያስረክባል። ሥራው ሁሉ አሰፋፉ ላይ ነው። ቅርጹን ኮምፒውተር ላይ ስትስለው፣ ፕሮግራሙ ውስጡ ያለውን አየር በትንንሹ ከፋፍሎ ድምፁ ከቁራጭ ወደ ቁራጭ እንዴት እንደሚያልፍ ያሰላልሃል። የኛ ኮምፒውተር አርጅቷል፤ ጠዋት ከፍቼው ሄጄ ከትምህርት ቤት ስመለስም እያቃሰተ ነው። አፉ ድንገት ካበቃ ድምፁ ከፊሉ ተመልሶ ወደ ጉሮሮው ይገባል። ሶ፣ የአፉን ከንፈር ወደ ኋላ ቀለስ አደረግኩት። ያኔ ግራፉ ለጥ አለልኝ። ከዚያ እኔና አባዬ እዚህ ሜስኪት፣ አጎታችን ጋራዥ ውስጥ፣ ጣውላ ደራርበን አጣበቅን፣ ቀረጽን፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸን። አባዬ ከንፈሩን በመዳፉ እየዳበሰ «የሕፃን ጉንጭ አስመሰልሽው» አለኝ። ከመጣን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

የሸምሱ ሠርግ ዕለት መንዙማው ተጀመረ። መንዙማ አውጪው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሆርኑ ሊታረድ እንደሚጎተት ፍየል ጮኸ። ሰዉ ጆሮውን ያዘ። አጎታችን ማይኩን ነጥቀው፣ «ይቅርታ ጀመዓ! የኔ እጅ የለበትም፤ የወንድሜ ልጅ በኮምፒውተር የሠራችው ነው። ሁለተኛ ልጅ ብሰማ ምን አለ በሉኝ!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባዬም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ መስጊድ ስገባ «ሳይረኗ መጣች» ነው የምባለው።

በማግስቱ ሆርኑን ቀረብ ብዬ አየሁት። ከንፈሩ የለም፤ ዙሪያውን በመጋዝ ተገዝግዟል። የአጎታችን ትንሹ ልጅ አናስ ሁሉንም ነገረኝ። ቫኑ ውስጥ ከሩዙ ድስት ጋር አልገባ ቢላቸው፣ ድስት አይቆረጥም፣ ሆርኑን ቆረጡት። እስከዚህ ድረስ ስቄያለሁ፤ ሱሪ ሲረዝምባቸውም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ከዚያ አናስ፣ «ጫፉን የያዙላቸው ያንቺ አባት ናቸው» አለኝ። ሳቄ ቀጥ አለ።

የተቆረጠውን ቅርጽ ኮምፒውተሩ ላይ መልሼ አስላሁት። ግራፉ ፍየሉ የጮኸበት ቦታ ላይ ቀንድ አብቅሏል። ለአባዬ አሳየሁት። አየውና፣ «ታላቄ ነው፤ በሰው ፊት እንዴት ላሳፍረው? ተይው» አለኝ። እኔስ? እኔን በሰው ፊት ማሳፈር ይቻላል ማለት ነው? በአጎታችን ይህን ያህል አልተቀየምኩም፤ የሚቆርጡትን አላወቁትም። አባዬ ግን ያንን ከንፈር አብሮኝ ያሸ ሰው ነው።

ቅዳሜ ማራኪ የምትባል ልጅ ሠርግ ነው። አጎታችን ለወንዶቹ አዲስ ስፒከር ገዝተው የኔን «ለሴቶቹ ክፍል ይበቃል» ብለው መድበውታል። ኦኬ። ዛሬ እነሱ ሳሎን ሲጫወቱ ቀለምና ብሩሽ ይዤ ጋራዥ ገባሁ። ሆርኑ ፊት ላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ «ንድፍ፦ ሁዳ። ቆራጭ፦ አጎቷ ዐብዱሰመድ። ጫፍ ያዥ፦» ብዬ እዚያ ላይ እጄ ቆመ። ሴቶቹ አንዴ ካነበቡት ያለ ማይክ ሌላ ከተማ፣ ፎርት ዎርዝ ድረስ ይሰማል። የአባዬን ስም ልጻፈው ወይስ ልተወው? ለአንድ ሰው እንኳ እውነቱን ቢናገርልኝ ብሩሹን አልነካም ነበር። አሁን ብሩሹን እዚያው ጥዬ፣ ከቫኑ ጀርባ ተቀምጬ ላንተ እጽፋለሁ።

ነጃትን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ልጁን ጉንጩን ንከስልኝ፤ ቀስ ብለህ ግን። ጎረቤታችሁን እትዬ ትርንጎን ጤና ይስጥልኝ በልልኝ። አክስታችን ሳሊሐ «ሁዳ አላገባችም?» ካሉህ፣ ኮምፒውተር አግብታለች፣ እሱም ሽማግሌ ነው በላቸው።

እህትህ ሁዳ
ሜስኪት፣ ቴክሳስ
ሰኔ 4 ቀን 2001 ዓ.ም.

ቆይ፣ በሩ ተከፈተ። አባዬ ነው። እኔን አላየኝም፤ በቀጥታ ወደ ሆርኑ ሄደ። መነጽሩን አደረገ። እያነበበ ነው፤ ጣቱን ቀለሙን ሳያስነካ በየፊደሉ ሥር ያስኬዳል። ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ብሩሹን አነሳ፤ ቀለም ነክሮ «ጫፍ ያዥ፦» ከሚለው ቀጥሎ ሊጽፍ አስጠጋው።

«ሁዳ!» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር።