የልጅሽ ፎቶ ደርሶኛል

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ባልሽስ? አዲሷ እንግዳችንስ ታስተኛችኋለች? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም። ጽሑፌ ከተንጋደደብሽ ወረቀቱ መስመር ስለሌለው ነው።

አባትሽ ደህና ነው፤ አሁንም ሻዩ ላይ ተደብቆ ስኳር ይጨምራል። ጣቶቼም ደህና ናቸው። ያ ስንት ዓመት የዋጥኩት የቁርጥማት ክኒን ባይኖር መርፌ መያዝም አይሆንልኝም ነበር። ባለፈው ግን ሐኪሙ ክኒኑን አስቆመኝ።

«ይህ ክኒን ዓይን ይጎዳል። በየዓመቱ እንዲታዩ ማንም አልነገረዎትም?» አለኝ።

«ኧረ እኔን የሚያመኝ እጄ ነው!» ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

የስፌት ሥራውን ለጊዜው ለጎረቤታችን ሰጥቻታለሁ። ጥቁሩን ክር ከሰማያዊው መለየት ሰለቸኝ።

የልጅሽ ፎቶ ደረሰኝ። ኮፍያዋ ሲያምር! እነዚያ ሚጢጢ ጫማዎቿስ! አባትሽን «አፍንጫዋ የማን ነው?» አልኩት።

«ይኸው ይዘሻት የለም እንዴ?» አለኝ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠና ቅንድቧን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን አንድ በአንድ ነገረኝ። አፍንጫዋ ያንቺ ነው አሉ። ሲነግረኝ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር፤ ጉንፋን ሳይዘው አይቀርም።

ልጄ፣ ትንሽ ትደግ አትበይ፤ አሁኑኑ ይዘሻት ነይ። ስትመጪ ፊት ለፊቴ አትያዣት፤ ከጎኔ አስቀምጫት። ከጎን ነው ደህና አድርጌ የማየው።

ባልሽን ሰላም በይልኝ። ፍቅሬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስሽ።

እናትሽ